የፊት ዲፈረንሻል መያዣን ማጠናከር፦ ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይመጣ

ይህ መመሪያ የፊት ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን) መያዣውን አንዴ በይደው ከጥቂት ጉዞ በኋላ ከብየዳው ጎን ሌላ ስንጥቅ ላገኙ ሰዎች ነው። የሚመለከተው የቱቦ ሻሲ ያላቸውን አነስተኛ ከመንገድ ውጪ ተሽከርካሪዎች (ዩቲቪ) ነው፤ ማለትም የአሉሚኒየም ዲፈረንሻላቸው በረጃጅም ቡሎኖች ከሻሲው ጋር የሚታሰረውን። ዲፈረንሻሉና አክስሉ አንድ አካል የሆኑበት መኪና ሥራው ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባም።

ሁለት ቃል እንለይ። ከሻሲው ቱቦ ላይ ተበይደው የወጡትን፣ ቡሎን የሚገባባቸውን የብረት ላሜራዎች «መያዣ» እንላቸዋለን። በዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ያሉትን የቡሎን ማለፊያዎች ደግሞ «ጆሮ» እንላቸዋለን። የሚበየደው መያዣው ብቻ ነው። ጆሮው አይበየድም።

መያዣው ለምን ይሰነጠቃል?

ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር የዲፈረንሻሉ ቤት በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። የካርዳን ዘንጉ (ኃይል ከሞተር ወገን የሚያመጣው ረዥም ዘንግ) የሚገባበት የኋላ ጫፉ ወደ ታች፣ የፊት ጫፉ ወደ ላይ ይገፋል። ሪቨርስ ሲገባ ይኸው ኃይል ይገለበጣል። ድንጋይ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ ሲወጣጡ መያዣው በእጅ ወዲያና ወዲህ እንደሚታጠፍ ሽቦ ይሆናል፤ የሚበጠሰውም ሽቦው እንደሚበጠሰው ነው። ነዳጅ ተረግጦ ጎማው በአየር ላይ ሲሽከረከርና በድንገት መሬት ሲነካ ደግሞ ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ምት ይመጣል።

ስንጥቁ የሚጀምረው ከላሜራው መሃል አይደለም፤ መያዣው ቱቦውን ከሚነካበት ግርጌ፣ ከብየዳው ጠርዝ ነው። ስለዚህ መያዣውን በማወፈር ብቻ ችግሩ አይፈታም። የሚፈታው ግርጌው እንዳይተጣጠፍ ሁለቱን መያዣዎች እርስ በርስ በማገናኘትና ቡሎኑ ሲጠብቅ መያዣውን ጎትቶ እንዳያጣምመው በማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ይዞራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሥራው በእርግጥ ያስፈልጋል?

ተሽከርካሪውን በማቆሚያ እግሮች ላይ አሳርፉ፤ በክሪክ ላይ ብቻ ተማምናችሁ ከሥር አትግቡ። ረዥም የብረት ዘንግ በዲፈረንሻሉና በሻሲው መካከል አስገብታችሁ በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ጫኑ፤ ሌላ ሰው ባትሪ እያበራ መያዣዎቹን ይመልከት።

- ዲፈረንሻሉ ተንቀሳቅሶ መያዣው ካልተንቀሳቀሰ ቡሎኑ ላልቷል፣ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል፣ ወይም ጎሚኖው (በቡሎኑ ዙሪያ ያለው የጎማ ድጋፍ) አልቋል። ቀዳዳው ደህና ከሆነ አዲስ ጎሚኖና ቡሎን ይበቃል፤ ብየዳ አያስፈልግም።
- መያዣው ራሱ ከግርጌው ከተነቃነቀ ስንጥቅ አለ። ወደ ሥራው ግቡ።
- ጆሮው ከተሰነጠቀ የዲፈረንሻሉን ቤት ቀይሩ። ለዓመታት ዘይት የጠጣ አሉሚኒየም ሲበየድ አረፋ ያወጣል፤ ላዩ ያማረ ቢመስልም ውስጡ ወንፊት ነው።

ሻሲው ከክሮም ሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት) ብረት የተሠራ መሆኑን የአምራቹ መመሪያ የሚናገር ከሆነ እዚህ አቁሙ። ያ ብረት ሲበየድ የራሱ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሥርዓት አለው፤ ለሚያውቀው በያጅ ስጡት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ የብረት ላሜራ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር። የሻሲው ቱቦ ግድግዳ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ውሰዱ።
- 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ያልተለበጡ የብረት ቀለበቶች፣ ለእያንዳንዱ የሰፋ ቀዳዳ አንድ
- አዲስ ቡሎኖች፦ ከነባሮቹ ጋር እኩል ውፍረት፣ ርዝመት (ቀለበት ከተጨመረ በቀለበቱ ልክ የሚረዝም) እና የጥንካሬ ቁጥር (ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ የተጻፈው)። ጥርሱ ከመያዣው ቀዳዳ ውስጥ የማይገባ፣ ለስላሳ አንገቱ ረዥም የሆነውን ምረጡ።
- አዲስ ናይሎን ያላቸው ዳዶዎች። አንዴ የተፈታ ናይሎን ዳዶ ደግሞ አይታመንም።
- 0.3፣ 0.5 እና 1 ሚሊ ሜትር ስስ ሮንዴላዎች
- የቡሎኑን ውፍረት የሚያሳልፍ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የብረት ቱቦ (በደረጃ 4 ለሚሠራው፣ የዲፈረንሻሉን ቦታ ለሚይዘው ማስመሰያ)
- ካሊፐር፣ ቶርክ ሬንች (ቡሎን በልኩ የሚያጠብቅ ቁልፍ)፣ ግራይንደር ከመቁረጫና ከመፋቂያ ዲስኮች ጋር፣ ክብ ሊማ፣ ትራፓኖና 3 ሚሊ ሜትር መብሻ
- ስንጥቅ ማሳያ ስፕሬይ፦ ማጽጃው፣ ቀዩ ቀለምና ነጩ ዱቄት፣ ሦስቱም
- የብየዳ ማሽን። በሽቦ ለሚበይድ 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦና የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ፤ በኤሌክትሮድ ለሚበይድ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ደረቅ 7018
- እሳት ማጥፊያ፣ እርጥብ ወፍራም ጨርቅ፣ የብየዳ ብርድ ልብስ

እርጥበት የገባበት 7018 ኤሌክትሮድ ብየዳውን ከውስጥ ያሰነጥቀዋል። ፓኬቱ ተከፍቶ ሜዳ ላይ የከረመ ከሆነ አትጠቀሙበት።

ሙሉ አንድ ቀን መድቡ፤ የተሻለው ግን ሁለት ቀን ነው። ብየዳው በራሱ ጊዜ ሳይቀዘቅዝ የሚጣደፍ ሰው በስተመጨረሻ ቀዳዳ ሲያሰፋ ያመሻል።

ደረጃ 1፦ ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ዲፈረንሻሉ ከወረደ በኋላ የቀድሞ ቦታውን የሚነግራችሁ ነገር የለም።

1. አካባቢውን በውሃና በብሩሽ በደንብ እጠቡና አድርቁ።
2. በሻሲው ላይ የማይበየድ አንድ ቦታ ምረጡና ምልክት አድርጉ። ከዚያ ነጥብ እስከ ካርዳን መግቢያው መሃል ያለውን ርቀት ከግራም ከቀኝም ለክታችሁ ጻፉ።
3. የካርዳን ዘንጉን ዘንበል ማለት በስልክ ማዕዘን መለኪያ ያዙ። ተሽከርካሪው የቆመበትን ሁኔታም አብራችሁ ጻፉ፤ በኋላ ስትለኩ ልክ እንዲህ መቆም አለበት።
4. በጆሮውና በመያዣው መካከል ክፍተት ካለ ቡሎኑን ግማሽ አላሉና ስንት ስስ ሮንዴላ እንደሚገባ ሞክሩ። ቡሎኑ ሲላላ መያዣው ዘሎ ከተከፈተ፣ እስከ ዛሬ በቡሎን ጉልበት ተጎትቶ የኖረ መያዣ ነው ማለት ነው።
5. ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የትንፋሽ ቱቦው (ከዲፈረንሻሉ አናት የሚወጣው ቀጭን ጎማ) በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ይጨመር።

ደረጃ 2፦ ዲፈረንሻሉን አውርዱ

ዲፈረንሻሉ በቦታው እያለ አትበይዱ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፓራዎሊዮዎቹ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግቱት የጎማ ቀለበቶች) ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድመው ይሞታሉ። ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው፦ የብየዳው ኤሌክትሪክ በኩሽኔታው (ዘንጉ በኳሶች ላይ የሚዞርበት ቀለበት) ኳሶች አልፎ ወደ ማሳ (የብየዳ ማሽኑ መመለሻ ገመድ) ከሄደ ኳሶቹንና መንገዳቸውን በጥቃቅን ነጥቦች ይበላቸዋል። ድምፁ የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ማንም ከብየዳው ጋር አያገናኘውም።

1. ባትሪውን መጀመሪያ ከኔጋቲቭ፣ ቀጥሎ ከፖዘቲቭ ፍቱ። የሞተር መቆጣጠሪያውን፣ የኃይል መሪውን (የኤሌክትሪክ ስቲሪንግ) እና የፊት ዲፈረንሻሉን ሶኬቶች ንቀሉ።
2. የዲፈረንሻሉን ዘይት አፍስሱ።
3. ጎማዎቹን አውልቁ፤ ሰሚያሴዎቹን (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱትን ዘንጎች) አውጡ። ዘንጉን ይዛችሁ ከመጎተት ይልቅ ከዲፈረንሻሉ ጋር በሚገናኝበት ጽዋ ሥር ሁለት ማንሻ አስገብታችሁ እኩል ግፉት። ዘንጉ ከተጎተተ የውስጥ ኳሶቹ ይበተናሉ።
4. ካርዳኑን ከመንቀል በፊት ዘንጉና መግቢያው ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ፤ ሲመለስ በዚያው ይግባ።
5. ዲፈረንሻሉን በክሪክ ደግፋችሁ ቡሎኖቹን አውጡ። በአንድ እጅ ሊያዝ የሚችል ቢመስልም መጨረሻ ላይ በድንገት ይወርዳል።

*ቡሎኑ አልወጣ ካለ፦* ብረቱ ከአሉሚኒየሙ ወይም ከውስጥ ቱቦው ጋር ዝጎ ተጣብቋል። ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ከተቻለ አሳድሩት። ዳዶውን ከቡሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሳችሁ አስገቡና በላዩ ምቱ፤ ባዶ ጥርስ ላይ የተመታ ቡሎን ጫፉ ተደፍጥጦ በቀዳዳው አያልፍም። ካልሆነ ቡሎኑን በመያዣውና በጆሮው መካከል ቁረጡት። አዲስ ቡሎን የገዛችሁት ለዚህም ነው። ጆሮውን በእሳት አታግሉት።

ደረጃ 3፦ ስንጥቁን ሁሉ አግኙ

በዓይን የሚታየው ስንጥቅ ብቻውን አይደለም ብላችሁ ጀምሩ።

1. ከእያንዳንዱ መያዣ ግርጌ ዙሪያ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አንሱ። በግራይንደር ዲስክ አትፋቁ፤ ብረቱ ተጠርጎ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል።
2. በማጽጃው አጽዱ፣ አድርቁ፣ ቀዩን ቀለም ርጩ፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ።
3. ቀዩን በጨርቅ ጥረጉ። ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ብረቱ ላይ አትርጩ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ቀለም ያጥበዋል።
4. ነጩን በስሱ ርጩ። ከስንጥቁ የሚወጣ ቀይ መስመር በነጩ ላይ ቀስ እያለ እየጎላ ይመጣል። ፀጉር የሚያህል መስመር ቢሆንም ስንጥቅ ነው።
5. የእያንዳንዱን ስንጥቅ ሁለቱን ጫፎች በነጥብ መቺ ምልክት አድርጉ።

ስንጥቁ ከመያዣው አልፎ ወደ ቱቦው ዙሪያ ከሄደና ከዙሪያው ሩብ ያህሉን ከበላ፣ ማጠናከሪያ ላሜራ መደረቢያ አይሆንም። የቱቦው ያ ክፍል ተቆርጦ መቀየር አለበት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ለመበየድ ባሰባችሁት ቦታ ላይ ክሎሪን ያለው የፍሬን ማጽጃ አትርጩ። ቅሪቱ ከብየዳው ሙቀትና ብርሃን ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። በአሴቶን አጽዱና ሙሉ በሙሉ እስኪተን ጠብቁ። በዚንክ የተለበጠ ሮንዴላም ሆነ ላሜራ ሳይፋቅ አይበየድ፤ ጭሱ ያሳምማል።

ደረጃ 4፦ ማስመሰያ ሥሩ

ብረት ተበይዶ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሁለቱን መያዣዎች ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። በነፃ ከተበየዱ በመጨረሻ ዲፈረንሻሉ በመካከላቸው አይገባም፤ ወይም ቀዳዳዎቹ አይተያዩም። ስለዚህ የዲፈረንሻሉን ቦታ የሚይዝ የብረት ማስመሰያ ያስፈልጋል።

1. የጆሮውን ስፋት፣ ማለትም ከመያዣ እስከ መያዣ የሚነካውን ከዳር እስከ ዳር፣ በካሊፐር ለኩ። ጎሚኖ ካለው የምትለኩት የውስጥ ብረት ቱቦውን ነው፤ ጎማውን አይደለም።
2. ወፍራሙን ቱቦ በዚሁ ልክ ቁረጡ። ጫፎቹ ቀጥ ያሉ ይሁኑ፤ በሊማ አስተካክሉ።
3. በቱቦው አንድ ጫፍ 0.3 ሚሊ ሜትር ስስ ሮንዴላ ጨምራችሁ በመያዣዎቹ መካከል አስገቡና በአሮጌው ቡሎን እሰሩት። ይህች ትንሽ ጭማሪ ዲፈረንሻሉ በኋላ ሳይታገል እንዲገባ ታደርጋለች።
4. ፊትና ኋላ ሁለት የቡሎን መስመር ካለ ለሁለቱም ሥሩ። በደረጃ 1 የጻፋችሁትን ልኬት እያያችሁ ሁለቱ ቡሎኖች ትይዩ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ቀለበቱን አሁን ግጠሙት፦ ማስመሰያው በትክክለኛው ቦታ ታስሮ ሳለ ቀለበቱን በቡሎኑ ላይ አስገብታችሁ ከመያዣው የውጪ ፊት ጋር አስጠጉት፤ በሦስት ነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙት። የቀለበቱ ቀዳዳ ከቡሎኑ ውፍረት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ። ሞላላውን ቀዳዳ በብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳት ይቻላል፤ ነገር ግን በእጅ ትራፓኖ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ማውጣት ከባድ ስለሆነ ቀለበቱ የተሻለ ነው። ቀለበት ሲጨመር የቡሎኑ ርዝመት በዚያው ልክ መጨመሩን አትርሱ።

ደረጃ 5፦ ስንጥቁን ቆፍራችሁ በይዱ

ስንጥቅ ላይ ከላይ የተቀባ ብየዳ ስንጥቁን አይደፍነውም፤ ይሸፍነዋል። ከሥር ያለው ጫፍ ይቀጥላል።

1. በምልክቱ ላይ፣ ስንጥቁ ካለቀበት 2 ሚሊ ሜትር ያህል አለፍ ብላችሁ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱ።
2. ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ስንጥቁን በግራይንደር ጠርዝ በ«ቪ» ቅርጽ ቆፍሩ። ጥቁር መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ መሄድ አለበት።
3. ቀዩንና ነጩን እንደገና ሞክሩ። ቀይ ከታየ ገና ነው። ከዚያ ስፕሬዩን በአሴቶን ፈጽማችሁ አጽዱ።
4. የማሳ መቆንጠጫውን ከብየዳው ቦታ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ ንጹሕ በተፋቀ ብረት ላይ እሰሩ።
5. በትራፊ ላሜራ ላይ ማሽኑን ሞክሩ። ለ2.5 ሚሊ ሜትር 7018 ከ70 እስከ 95 አምፔር፣ ለ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ110 እስከ 140 አምፔር መነሻ ይሆናችኋል። ትራፊውን በሞርሳ ይዛችሁ በመዶሻ አጥፉት፤ ብየዳው ከአንዱ ወገን ከተላቀቀ አልገባም።
6. ቪውን ሙሉ፤ የቀዳዳዎቹንም ጫፍ ዝጉ።

ከመበየዳችሁ በፊት የነዳጅ ቱቦዎችን፣ የፍሬን ቱቦዎችንና ሽቦዎችን ከአካባቢው አርቁ፤ የቀረውን በብየዳ ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ሁለተኛ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም። ሥራው ሲያልቅም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አካባቢውን ሳታዩ አትሂዱ፤ ከጭቃ ጋር የደረቀ ሣር ውስጥ ውስጡን ይጨሳል።

ደረጃ 6፦ ማጠናከሪያዎቹን ቁረጡ

ሁለት ዓይነት ቁራጭ ያስፈልጋል፦ ለእያንዳንዱ መያዣ ባለ ሦስት ማዕዘን ደጋፊ፣ እና ግራና ቀኙን መያዣ የሚያገናኝ ድልድይ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ድልድዩን ምረጡ። ለብቻው የቆመ መያዣ ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ የተያያዘ ግን አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

1. በወፍራም ካርቶን ቅርጹን አውጡ። ካርቶኑን በቦታው ይዛችሁ ስቲሪንጉን እስከ መጨረሻ ግራና ቀኝ አዙሩ፤ የፊት እግሩን ወደ ላይና ወደ ታች እስከ ጥግ አንቀሳቅሱ።
2. የሰሚያሴው ጎማ ሽፋን ከየትኛውም ጠርዝ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይራቅ።
3. ዲፈረንሻሉ ከእነ ድልድዩ ካርቶን መግባትና መውጣት መቻሉን አሁን ሞክሩ። ድልድዩ ከተበየደ በኋላ ዲፈረንሻሉ በየት ይገባል የሚለውን ጥያቄ መጠየቅ ሁሉን ነገር መልሶ ያስቆርጣል። መግቢያ ከሌለው ድልድዩን በሌላ ወገን አድርጉት፤ ወይም ሁለት ጫፉ በቡሎን የሚፈታ አድርጋችሁ ሥሩት።
4. የሦስት ማዕዘኑ ረዥም ጎን በቱቦው ላይ ይተኛ። ሹል ጫፎቹን አክቡ። መያዣውና ቱቦው በሚገናኙበት የውስጥ ማዕዘን ላይ የደጋፊውን ጥግ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጡት፤ ሦስት ብየዳ አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኘ ቀጣዩ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።
5. ከቱቦው ጋር የሚገናኘውን ጠርዝ የቱቦውን ክብነት እንዲከተል ፋቁት። ክፍተቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።
6. ቁራጩ ውሃ የሚያቁር ኪስ ከፈጠረ ዝቅተኛው ቦታ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ።

ወፍራም ላሜራ የሚያስቀምጥ ሰው ጥሩ ያደረገ ይመስለዋል። 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ 2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ባለው ቱቦ ላይ ሲበየድ ግን ላሜራው አይታጠፍም፤ ቱቦው ይቀደዳል። የመያዣ ስብራት ቀላል ነው፤ የቱቦ ስብራት ሻሲ ነው።

ደረጃ 7፦ በተራ በይዱ

1. ሁሉንም ቁራጮች በነጥብ ያዙ፤ እያንዳንዱን በሦስት ቦታ። ማስመሰያው እንደታሰረ ነው።
2. የጻፋችሁትን ልኬት እንደገና ለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛነፈ ነጥቦቹን ቆርጣችሁ አስተካክሉ። አሁን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።
3. ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ እየበየዳችሁ ወገን ቀያይሩ፦ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ። በየተራው መካከል ጠብቁ።
4. በደጋፊው ጫፍ ላይ ብየዳ አትጀምሩ፣ አትጨርሱም። ከጫፉ 15 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ጀምሩ፤ ሳታቋርጡ ጫፉን ዙሩና በሌላው ጎን ጨርሱ።
5. የቱቦውን ዙሪያ እንደ ቀለበት አትበይዱ። ብየዳው በቱቦው ርዝመት ይሂድ።
6. መስመሩ ሲያልቅ እጃችሁን ወዲያው አታንሱ፤ የመጨረሻውን ጉድጓድ ሙሉት።
7. በውሃ አታቀዝቅዙ። በራሱ ይቀዝቅዝ።

ከብየዳው ጎን ብረቱ ተበልቶ ጎድጎድ ካለ አምፔሩ በዝቷል ወይም እጃችሁ ፈጥኗል። ያች ቦይ የስንጥቅ መነሻ ናት። በቀጭን ብየዳ ሙሏት፤ በጣም ጥልቀት ከሌላት ጠርዟን በሊማ አለስልሱ።

ደረጃ 8፦ መርምሩና ቀለም ቀቡ

ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ በእጅ ሲነካ ብቻ ማስመሰያውን አውጡ። ቡሎኑ በእጅ መሽከርከርና መውጣት አለበት። ቅርፊቱን መዶሻና ሽቦ ብሩሽ ይዛችሁ አንሱ፤ ቀዩንና ነጩን ለሦስተኛ ጊዜ ሞክሩ። ሁለት እጅ ጸረ ዝገት፣ አንድ እጅ መጨረሻ ቀለም ይበቃል። ጆሮው የሚነካውን የመያዣ ፊት ግን በወፍራሙ አትቀቡ፤ ወፍራም ቀለም በጭነት ሲደቅ ቡሎኑ ይላላል።

ደረጃ 9፦ መልሳችሁ ግጠሙ

1. ዲፈረንሻሉን በክሪክ አንስታችሁ በመያዣዎቹ መካከል አግቡ። የትንፋሽ ቱቦው እንዳይቆነጠጥ ተመልከቱ፤ ከታፈነ ዘይቱ ሲሞቅ በፓራዎሊዮው በኩል ይወጣል።
2. ሁሉንም ቡሎን በእጅ አስገቡ። አንዱንም አታጥብቁ።
3. በጆሮውና በመያዣው መካከል የቀረውን ክፍተት በስስ ሮንዴላ ሙሉ። ክፍተቱን በቡሎን ጉልበት አትዝጉ። ይህን ያደረገ ሰው መያዣውን ገና ሳይነዳ አጥፎታል፤ አዲሱ ብየዳም ተሽከርካሪው ቆሞ ሳለ ተወጥሯል።
4. ጎሚኖ የነበረውን በጎሚኖ መልሱ። ጎሚኖውን አውጥቶ በድፍን ብረት መተካት ምቱን በቀጥታ ወደ አሉሚኒየሙ ጆሮ ይልከዋል።
5. ካርዳኑን በምልክቱ ላይ፣ ቀጥሎ ሰሚያሴዎቹን አስገቡ። ጥርሳቸውን ግሪስ ቀቡ፤ የፓራዎሊዮውን ከንፈር በዘይት አርጥቡ።
6. ቡሎኖቹን በሁለት ዙር አጥብቁ፤ መጀመሪያ በግማሽ፣ ቀጥሎ በሙሉ። ልኩ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈው ነው። መመሪያው ከሌለ ለኤም 10 (10 ሚሊ ሜትር ውፍረት) ባለ 8.8 ደረቅ ቡሎን ከ45 እስከ 50 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። 10.9 ቡሎን ስለገዛችሁ ብቻ ልኩን አትጨምሩ፤ ጆሮው ያው የድሮው ነው።
7. ጥርሱ በቀጥታ አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ቡሎን ካለ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የጥርስ ማጣበቂያ ጠብ አድርጉበት።
8. በመመሪያው በተጻፈው ዓይነትና መጠን ዘይት ሙሉ። ሶኬቶችንና ባትሪውን መልሱ፤ አሁን ፖዘቲቩ ይቅደም።
9. ከእያንዳንዱ ዳዶ እስከ መያዣው በቀለም አንድ መስመር አስምሩ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው ጉዞ

ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው በእጅ ሲዞሩ የሚፋተግ ነገር መኖሩን አዳምጡ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በዝግታ፣ ሞተሩ አራቱንም ጎማ እንዲያሽከረክር አድርጋችሁ ንዱ። መልሳችሁ መስመሮቹን እዩ። ካልተንቀሳቀሱ ረባዳ ቦታ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ወደፊትና ሪቨርስ እያላችሁ በቀስታ ጫኑት። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቶርኩን እንደገና ፈትሹ፤ አዲስ ቀለምና ሮንዴላ ስለሚደቁ ትንሽ መላላት ያለ ነው። በሁለተኛው ፍተሻ ደግሞ ከላላ ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

የሆነ ነገር ሲበላሽ

*ቡሎኑ ከአንዱ መያዣ አልፎ ሁለተኛው ላይ ቆመ።* በመዶሻ አትምቱት። ዲፈረንሻሉን በክሪክ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ አድርጉ፤ ቡሎኑን በእጅ እያዞራችሁ ሞክሩ። ከ0.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በክብ ሊማ አንዱን ወገን መሞረድ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ያንን ቀለበት ቆርጣችሁ አውጡና በማስመሰያው እንደገና ያዙት።

*ዲፈረንሻሉ በመያዣዎቹ መካከል አልገባም።* ብየዳው ስቧቸዋል። ረዥም ጥርስ ያለው ዘንግና ሁለት ዳዶ በመካከላቸው አድርጋችሁ ዳዶዎቹን ወደ ውጪ በመፍታት ቀስ በቀስ ግፏቸው። 1 ሚሊ ሜትር ያህል በዚህ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ከጠየቀ ድልድዩን በአንድ በኩል ቆርጣችሁ በልኩ መልሱ፤ አለበለዚያ አዲሱን ብየዳ ገና ከመነሻው ታጣምማላችሁ።

*ከገጠማችሁ በኋላ ከሥር ንዝረት መጣ።* የካርዳኑን ዘንበል ማለት ለክታችሁ ከደረጃ 1 ጋር አወዳድሩ። ከተለወጠ ዲፈረንሻሉ ቦታውን ስቷል፤ በደረጃ 1 ወደ ጻፋችሁት ልኬት መልሱት። ካልተለወጠ ካርዳኑ በምልክቱ ላይ መግባቱን፣ ቀጥሎም ክሮቸራውን (የካርዳኑን መተጣጠፊያ መስቀል) ፈትሹ።

*ስንጥቁ በሌላ ቦታ ብቅ አለ።* ቦታውን ተመልከቱ። ከደጋፊው ጫፍ ላይ ከሆነ ቅርጹ ሹል ነበር ወይም ብየዳው እዚያ ቆሟል። በተቃራኒው ወገን ባልተነካው መያዣ ላይ ከሆነ ድልድዩ የለም ወይም አልገባም። በድጋሚ ቱቦው ላይ ከሆነ ላሜራው ወፍሯል፤ ቀጭን አድርጉና በቱቦው ርዝመት አስረዝሙት።

*በቀለም የተሰመረው መስመር በየጉዞው እየተዛነፈ ነው።* ደጋግማችሁ ከማጥበቅ በፊት ቡሎኑን አውጡና አንገቱን በጥፍር ዳስሱት። የተበላ ቀለበት ካገኛችሁ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። አንገቱ ለስላሳ ከሆነ የጎሚኖውን የውስጥ ቱቦ ርዝመት ከማስመሰያው ጋር አወዳድሩ። ካጠረ ቡሎኑ የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ጎማውን ስለሆነ ጎሚኖው መቀየር አለበት።